ጠያቂን ስለ መመለስ፤ በሐይቅና በቦሩ ሜዳ ስለ ሆነው ክርክር

ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ ምእመናንን ሲመክር፥ የተስፋቸውን ምክንያት ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ሊሰጡ የተዘጋጁ እንዲሆኑ፥ ይህንም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲያደርጉት አዝዟል። ፍርሃት ያለው የማንን ነው ቢሉ፥ የመላሹን ነው። መላሹ እግዚአብሔርን ፈርቶ እውነትን እንዳይለውጥ፥ የጠያቂውንም ነገር እንዳያጣምም ነው። አንድም ጠያቂውን አክብሮ እንዲመልስለት ነው። ጠያቂው መላሹን ይፍራ ግን አላለም። ጠያቂ ከፈራ ጥያቄውን ይሰውረዋል እንጂ አይተወውምና። ይህም እንዲህ መሆኑን በአገራችን በወሎ የተደረገው ታሪክ ያስረዳል።

አባቶቻችን መጽሐፍ ሲተረጉሙ ጥያቄን አይሸሹም። የአንድምታ መምህር ንባቡን ከሰማ በኋላ፥ ለምን ቢሉ፥ ይህስ ከዚያ ጋራ አይጣላምን ቢሉ፥ እያለ የተቃራኒውን ነገር በገዛ አፉ ያነሣዋል፤ አንሥቶም ያስታርቀዋል። በሊቃውንት ጉባኤ የሚነበበው መጽሐፈ ቄርሎስም ጰላድዮስ የሚባል ክፍል አለው፤ እርሱም በጠያቂና በመላሽ ቃል የተደረሰ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ የንስጥሮስን ወገን ነገር ሳይደብቅ ያስነሣዋል፥ ከዚያም ይመልሰዋል። የአገር ሙግትም በቀድሞ ዘመን እንዲሁ ነበረ፤ ከሳሽ ተጠየቅ ብሎ ሲሞግት ተከሳሽም በተራው ይናገር ነበር፥ ዳኛውም ሁለቱን ሳይሰማ አይፈርድም ነበር።

ይህ ሥርዓት ሲጓደል ምን እንደሚሆን አስቀድሞ በሐይቅ እስጢፋኖስ ታየ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበትም እንደ እሑድ ትከበር ይሉ ነበር። ምክንያታቸው ምንድን ነው ቢሉ፥ ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ ይህ ነው፥ የሐዋርያትም ሲኖዶስ ያዘዘው ነው የሚል ነው። ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳስ አቡነ በርተሎሜዎስ ግን ይህ የአይሁድ ልማድ ነው ብለው ተቃወሙ። በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት፥ በ1392 ዓ.ም. ገደማ፥ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስና ጓደኞቹ ተጠርተው ቀረቡ፤ ሐሳባቸውን ባይለውጡ በሐይቅ በዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ዘንድ አራት ዓመት ያህል ታሰሩ። በእስራታቸው ጥያቄው ጠፋን ቢሉ፥ አልጠፋም። ወገናቸው እየበዛ ሄደና ዐፄ ዳዊት ፈትተው እንደ ልማዳቸው ቀዳሚትን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በየካቲት 1442 ዓ.ም. ደግሞ በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ጉባኤ ሆነ፤ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ተስማሙ። በሐይቅ ታስሮ የነበረው ነገር በ50 ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነ።

የአይሁድ ልማድ ነው የሚለው ተቃውሞ ግን ገና መልስ ይሻ ነበር። ከ100 ዓመት በኋላም ኢየሱሳውያን መጥተው ያንኑ ነገር በዐፄ ገላውዴዎስ ፊት አነሡ። ንጉሡ አላሰሯቸውም፤ በሰኔ 1547 ዓ.ም. የሃይማኖታቸውን ቃል ጽፈው መለሱ እንጂ። ሰንበትን፥ ግዝረትን፥ የእሪያን ሥጋ አለመብላትን አንድ በአንድ ለይተው፥ ሥራው ቢመሳሰልም አሳቡ እንደሚለይ አስረዱ። ሰንበትን እንደ አይሁድ አናከብርም፥ ቁርባን እናቀርብባታለን እንጂ፤ ግዝረትም የአገር ልማድ ነው፥ መዳኛ ብለን አይደለም፤ የምግቡም ነገር እንደ ሰው ፈቃድ ነው፥ የሕግ ግዴታ አይደለም የሚል ነው። ተቃዋሚው ያነሣውን ሳያስቀሩ መመለስ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ በሐይቅና በደሴ መካከል ወደምትገኘው ወደ ቦሩ ሜዳ እንምጣ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ታረቁ፤ በግንቦትም በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። አቡነ አትናቴዎስ ዐርፈው ስለ ነበረ በዚያ ጊዜ በአገሩ ጳጳስ አልነበረም፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ደብዳቤ ግን በጉባኤው ተነበበ። ክርክሩ በሁለት ልደትና በሦስት ልደት ወገን መካከል ነበር።

የጸጋ ልጅ የሚባሉት፥ ሦስት ልደት ባዮቹ፥ ሙግታቸው እንዲህ ነው። በግብረ ሐዋርያት በ10ኛው ምዕራፍ ጌታ በመንፈስ ቅዱስ እንደ ተቀባ ተነግሯል። ተቀባ ካልን ሥጋ አንድ ነገር ተቀብሏል፤ ሥጋ በባሕርዩ ድኃ ነውና። እንግዲህ ከአብ ከተወለደውና ከድንግል ከተወለደው ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልደት አለ አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥጋ ምንም አልተቀበለም ብንል ቅብዐት የተባለው ቃል ባዶ ይቀራል ብለው ፈርተው የተናገሩት ነውና፥ የሚመልስም ይህንን ፍርሃት ማወቅ ይገባዋል።

የተዋሕዶ ወገን፥ ሦስተኛውን ልደት ቈረጠ ሲባል ካራ የተሰኘው፥ እንዲህ መለሰ። ሥጋ ድኃ መሆኑ እውነት ነው፤ የከበረው ግን ከቃል ጋራ በመዋሐዱ ነው። ቀቢውም ወልድ፥ ተቀቢውም ወልድ፥ ቅብዑም ወልድ ነው። የጸጋ ልደት ከጨመርንለት በጥምቀት የጸጋ ልጆች ከሆንነው ከእኛ በምን ይለያል? በዮርዳኖስስ መንፈስ ቅዱስ ለምን ወረደ ቢሉ፥ ያልነበረውን ሊሰጠው አይደለም፥ ማንነቱን ሊገልጥ ነው። ይህ መልስ የተቃዋሚውን ነገር ተቀብሎ ወደ ተዋሕዶ ያደርሰዋልና መልስ ሆነ። በዚህ ወገን ከቆሙት ሊቃውንት አንዱ የወሎው መምህር አካለ ወልድ ነበሩ።

ነገር ግን በዚያ ጉባኤ ከመልሱ ጋራ ዐዋጅ ተጨመረ። የረቱት ሊቃውንት ናቸው፥ ያዘዘው ግን ሠይፍ የያዘ ነው። እምቢ ያሉት ተቀጡ፤ የወሎ እስላሞችም በተወሰነ ጊዜ እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ ኋላም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ፤ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ብዙው ሕዝብ ግን ጥያቄ ሊጠይቅ አልተጠራም፥ መልስም አልሰማም፤ ስለዚህ በሼክ ጦልሃ ጃዕፈርና በሌሎችም መሪነት ዐመፅ ተነሣ፥ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲያርፉ ወሎ በአንድ ሃይማኖት አልቆመም ነበር። ዛሬም ሰኞ በደሴ ገበያ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ቆሞ ይገበያያል።

ዐዋጁ አንድነትን ለማጽናት ነበረና ምን ነውር አለው የሚል ቢኖር፥ እንዲህ እንመልሳለን። ንጉሥ አገር አንድ እንዲሆን መሻቱ አያስነቅፈውም። ነገር ግን እውነት የረታበትን ክርክር በቅጣት ያተመ ሰው እውነትን ይጎዳታል፤ ሰሚው በመልሱ እንዳመነ ወይም በሠይፉ እንደ ፈራ አይታወቅምና። የተረታውም ተረታሁ አይልም፥ ተገፋሁ ይላል እንጂ።

ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጸንቶ የቀረው የትኛው ነው ቢሉ፥ ትምህርቱ ነው። መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ፤ በደሴም በስማቸው የተጠራ ትምህርት ቤት አለ። የሰው ልብ የሚቀናው በዚህ መንገድ ነው፤ ደቀ መዝሙር ይጠይቃል፥ መምህር ይመልሳል፥ ያልገባውም ነገ ተመልሶ ይጠይቃል።

እንግዲህ ካህናትና መኳንንት ሆይ፥ ተቃዋሚ ሲነሣባችሁ ነገሩን እርሱ ከተናገረው ይልቅ አጽንታችሁ ተናገሩለት፤ እውነት የሆነውን ተቀበሉለት፥ የሳተበትንም ስፍራ አሳዩት፤ ካልተቀበላችሁም ለጊዜው ተዉት፥ አትምቱት። ፍርሃቱም እንደ ሐዋርያው ቃል በእናንተ በመላሾቹ ላይ ይሁን።