ልብ በቀኝ፣ ሳል ከልጅነት፡- የዳይኒን ጉድለት

በሕክምና ሥራዬ መጀመሪያ ላይ የአንድ ወጣት የደረት ራጅ ስመለከት ልቡ በቀኝ በኩል ታየኝ። ፊልሙን የገለበጥኩት መስሎኝ አዙሬ አየሁት፤ ስህተት አልነበረም። ወጣቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አክታ ያለው ሳል እንዳልተለየው፣ አፍንጫውም ክረምት ከበጋ እንደሚፈስ ነገረኝ። ሁልጊዜ “ብርድ ነው” እየተባለ መድኃኒት ሲሰጠው ኖሯል።

ውድ አንባቢያን፣ የልቡ ቦታ መለወጥና የሳሉ መነሻ አንድ ነው። የአፍንጫችንና የአየር ቧንቧችን የውስጥ ገጽ ሲሊያ በሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል አካላት የተሸፈነ ነው። ሲሊያዎች በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ አቧራና ጀርም የያዘውን አክታ ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። ሞተራቸው ዳይኒን የተባለው ፕሮቲን ነው። ዳይኒን ሲጎድል ጠረጋው ይቆማል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ የሚመላለሰው ኢንፌክሽንም የአየር ቧንቧዎችን ለዘለቄታው ይጎዳል።

በፅንስ የመጀመሪያ ሳምንታት ልብና ጉበት በየትኛው ጎን እንደሚሆኑ በመወሰን ረገድም የሲሊያ እንቅስቃሴ ድርሻ አለው። እንቅስቃሴው ከሌለ ጉዳዩ የዕጣ ያህል ነው፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የውስጥ አካላቸው ቦታ የተገለበጠ ነው። የወንድ ዘር ጭራም የሚንቀሳቀሰው በዳይኒን በመሆኑ ብዙ ወንድ ታማሚዎች ልጅ ለመውለድ ይቸገራሉ።

የዙሪኩ ሐኪም ማነስ ካርታጄነር እ.ኤ.አ. በ1933 የእነዚህን ምልክቶች አብሮ መከሰት ገልጸዋል። ምክንያቱን ያስረዱት ግን ስዊድናዊው ብዮርን አፍዜሊየስ ናቸው፤ የማይንቀሳቀስ የወንድ ዘር መርምረው ዳይኒን መጉደሉን በ1976 አሳወቁ። ዛሬ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ከ50 በላይ ጂኖች ታውቀዋል። በአብዛኛው ሕመሙ የሚከሰተው ልጁ ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸውን ጂን ሲወርስ ነው። ስለዚህ የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ዕድሉን ይጨምራል፤ አባቶቻችን ሰባት ቤት መቁጠራቸው በዚህ ረገድም ጠቅሟል።

ጉድለቱን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ነገር ግን አክታን በፊዚዮቴራፒ ማስወጣት፣ ኢንፌክሽንን በወቅቱ ማከምና ክትባት መውሰድ የሳንባውን ጉዳት ያዘገያሉ። እኔ ያየሁት ወጣት የሳንባው የታችኛው ክፍል አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር። እርግጥ አብዛኛው ሳል ከዚህ ሕመም ጋር አይገናኝም። ሆኖም ልጅዎ ከተወለደ ጀምሮ አክታ ያለው ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ዓመቱን ሙሉ ካልለቀቀው “ብርድ ነው” ብለው አይለፉት፤ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።