ሰውን ያለ ፍርድ ስለ ማሰርና «በምን ነገር ይዘኸዋል?» ስለሚለው ጥያቄ ታሪክ



አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲሉ የተናገሩትን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። በቅሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ የክብር ከብት ነው፤ ጭብጦ ግን ለአንድ ቀን ስንቅ እንኳ እምብዛም የማይበቃ ነው። ተናጋሪው በቅሎውን ያጣው ዳኛ ፊት ቆሞ፥ ከሳሹን አይቶና ቃሉን ሰጥቶ ስለ ሆነ፥ ቢያዝንም ነገሩን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጭብጦውን ያጣው ግን በምን ምክንያት እንደ ተወሰደበት ሳይነገረው ስለ ሆነ ልቡ አያርፍም። ስለ አንዲት ጭብጦ እንዲህ ከተባለ፥ ስለ ሰው ነጻነትማ ምን ሊባል ነው?

የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው በባለ ሥልጣን ትእዛዝ ተይዞ ወህኒ ቤት ከገባ በኋላ፥ ያሰረው ክፍል «በምን ነገር ይዘኸዋል?» ተብሎ በዳኛ ፊት እንዲጠየቅ የሚያደርገው ሕግ እንዴት እንዳደገና በምን ጊዜ እንደ ደከመ በአጭሩ ለመግለጽ ነው። ዓ.ም. ተብለው ከተጻፉት በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ይህ ሕግ በላቲን ቋንቋ «ሐቤያስ ኮርፐስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ሰውዬውን በአካል ይዘህ ቅረብ» እንደ ማለት ነው። ትእዛዙ የሚጻፈው ለእስረኛው ሳይሆን ለአሳሪው ነው። ዳኛው በዚህ ጊዜ የሚመረምረው እስረኛው በደለኛ ወይም ንጹሕ መሆኑን አይደለም፤ ያ በኋላ በክስና በምስክር የሚለይ ነገር ነው። የሚመረምረው ሰውዬው የተያዘበት ምክንያት ሕግ የሚያውቀው መሆኑን ብቻ ነው። ምክንያቱ ሕጋዊ ከሆነ እስረኛው ወደ ወህኒው ይመለሳል፥ ወይም በዋስ ይለቀቃል፤ ሕጋዊ ምክንያት ካልተገኘ ግን ወዲያው ይፈታል። ይህ ሥራ እንዲፈጸም ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ የሚጠይቅ እስረኛ ወይም ስለ እርሱ የሚጠይቅ ወዳጅ፥ የሚያዝ ዳኛ፥ የሚታዘዝም አሳሪ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ ታሪክ ያሳየናል።

የነገሩ ሥር በእንግሊዝ አገር ይገኛል። በ1215 ዓመት በሰኔ ወር ንጉሥ ዮሐንስ ከመኳንንቱ ጋር ተጣልቶ ስለ ነበር፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር ረኒሚድ በሚባለው መስክ ላይ ታላቁ ቻርተር የተባለውን ውል ለመቀበል ተገደደ። ከውሉ አንቀጾች አንዱ፥ ነጻ የሆነ ሰው በእኩዮቹ ፍርድ ወይም በአገሩ ሕግ ካልሆነ በቀር እንዳይያዝና እንዳይታሰር የሚል ነበር። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ንጉሡ ይህን ቃል ተላልፎ ሰው ቢያስር የታሰረው ሰው ምክንያቱን በዳኛ ፊት በምን መንገድ እንደሚያስጠይቅ በግልጥ አልተደነገገም ነበር። ስለዚህ ቃሉ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በብርቱ ተፈተነ።

በ1627 ዓመት ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ለጦርነት ገንዘብ ፈለገ። ፓርላማው የፈለገውን ያህል ስላልፈቀደለት፥ ሀብት ያላቸውን ተገዦቹን በግድ አበድሩኝ አላቸው። እንቢ ያሉት ታሰሩ። ከነዚህም መካከል አምስት ባላባቶች፥ ከእነርሱም አንዱ ቶማስ ዳርኔል የተባለው፥ የታሰሩበት ምክንያት ይነገረን ብለው ለፍርድ ቤት አመለከቱ። ዳኞቹም እንደ ሥርዓቱ አሳሪውን ጠየቁት። የወህኒ ቤቱ ሹም የሰጠው መልስ ግን «በንጉሡ ልዩ ትእዛዝ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። ምን በደል እንደ ፈጸሙ አልተጻፈም። የእስረኞቹ ጠበቆች «ይህ ምክንያት ከተባለ፥ ሰው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ሊታሰር ነው» የሚል ክርክር አቀረቡ፤ የንጉሡ ነገረ ፈጅ በበኩሉ ንጉሡ ምክንያቱን የማይገልጥበት የመንግሥት ምሥጢር ሊኖረው ስለሚችል እርሱን ማመን ይገባል ሲል ተከራከረ። ዳኞቹም እስረኞቹን ሳይፈቱና በዋስ ሳይለቁ ወደ ወህኒያቸው መለሷቸው። በዚህ ጊዜ የሚጠይቅ እስረኛ ነበረ፤ የጎደለው የሚደፍር ዳኛ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚያ አልቀረም። በሚከተለው ዓመት በ1628 ፓርላማው በተሰበሰበ ጊዜ፥ ቀድሞ ዋና ዳኛ የነበረው ሽማግሌው ኤድዋርድ ኮክ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የመብት አቤቱታ የተባለውን ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ንጉሡም ማንንም ምክንያት ሳይገልጥ እንዳያስር የሚለውን ይህን አቤቱታ ሳይወድ ተቀበለ። በ1641 ደግሞ በንጉሡ ወይም በአማካሪዎቹ ትእዛዝ የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ምክንያቱ እንዲመረመር ሕግ ወጣ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን አሳሪዎች የሚያመልጡበት ቀዳዳ አላጡም። አንዳንዱ እስረኛውን ከወህኒ ወደ ወህኒ ያዘዋውረዋል፤ አንዳንዱ ትእዛዙ ሲደርሰው መልስ ሳይሰጥ ቀኑን ያራዝማል፤ አንዳንዱም እስረኛውን የእንግሊዝ ዳኛ ትእዛዝ ወደማይደርስበት ወደ ባሕር ማዶ ይሰደዋል። ፍርድ ቤት በዕረፍት በተዘጋበት ወራት የታሰረ ሰው ደግሞ እስኪከፈት ድረስ እንዲሁ ይቀመጣል። በ1679 ዓመት በግንቦት ወር የወጣው ታላቁ የሐቤያስ ኮርፐስ ሕግ እነዚህን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ለመድፈን የተጻፈ ነው። ወህኒው ከፍርድ ቤቱ እስከ 20 ማይል ርቀት ያለ እንደ ሆነ እስረኛው በ3 ቀን ውስጥ፥ እስከ 100 ማይል ከሆነ በ10 ቀን፥ ከዚያም የራቀ ከሆነ በ20 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ አዘዘ። ትእዛዙን የጣሰ የወህኒ ሹም በመጀመሪያው ጥፋት 100 ፓውንድ፥ በሁለተኛው 200 ፓውንድ ለእስረኛው እንዲከፍልና ከሹመቱም እንዲሻር ተደነገገ። በዕረፍት ወራት ትእዛዝ ለመስጠት እንቢ ያለው ዳኛ ራሱ 500 ፓውንድ እንዲከፍል ተወሰነ። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ሕግ ውስጥ ስለ ነጻነት የተጻፈ የሚያምር ቃል ብዙም አታገኝም፤ የምታገኘው የቀን ቍጥር፥ የመንገድ ርቀትና የመቀጫ ልክ ነው። ኃይሉም ያለው በዚሁ ነው።

ይህ ትእዛዝ የሚያገለግለው ለመኳንንትና ለባለ ጸጎች ብቻ እንዳይመስለን፥ የጄምስ ሶመርሴትን ታሪክ እናስታውስ። ሶመርሴት በአፍሪካ ተወልዶ በባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። ጌታው ከአሜሪካ ወደ ሎንዶን ካመጣው በኋላ ጠፍቶ አመለጠ፤ በ1771 መጨረሻ ተይዞ በጃማይካ ሊሸጥ በቴምዝ ወንዝ ላይ በቆመች መርከብ ውስጥ በሰንሰለት ታሰረ። ክርስትና ያነሡት ሰዎች ግን ወደ ፍርድ ቤት ሮጠው አመለከቱ፤ የመርከቡም አዛዥ ሰውዬውን ይዞ እንዲቀርብ ታዘዘ። ዋናው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1772 ሰኔ 22 ቀን፥ አንድን ሰው በዚህ አኳኋን ይዞ ከአገር ለማውጣት የሚፈቅድ የእንግሊዝ ሕግ አለመኖሩን ተናግሮ ሶመርሴት ይለቀቅ ሲል ፈረደ። ጠያቂ፥ ዳኛና ታዛዥ አሳሪ ሦስቱም ስለ ተገኙ፥ ገንዘብም ሥልጣንም የሌለው አፍሪካዊ ነጻ ወጣ።

ሦስተኛው ሰው፥ ማለት ታዛዡ አሳሪ፥ የጎደለበትን ጊዜ ደግሞ በአሜሪካ እናገኛለን። በ1861 ዓመት የርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በዋሽንግቶንና በፊላዴልፊያ መካከል ባለው መሥመር ይህ መብት እንዲታገድ ለጦር አዛዦቹ ፈቀደ። በግንቦት ወር ጆን ሜሪማን የሚባል የሜሪላንድ ሰው በወታደሮች ተይዞ በማክሄንሪ ምሽግ ታሰረ። የአገሪቱ ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ እስረኛው እንዲቀርብ አዘዘ፤ የጦሩ አዛዥ ግን እንቢ አለ። ዳኛው መልእክተኛ ቢሰድ ከምሽጉ በር ተመለሰ። ዳኛው ይህን መብት ለማገድ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ እንጂ ፕሬዚዳንቱ አለመሆኑን ጽፎ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ ሊያደርግ የሚችለው አልነበረም። ባርነትን ያስወገደው ሊንከን ያለ ፍርድ ማሰርን ሲፈቅድ፥ በባሮች ላይ ክፉ ፍርድ በመስጠት ስሙ የጠፋው ቴኒ ለእስረኛው ሕግ ሲከራከር ማየት የሚያስገርም ነው። ከዚህ የምንማረው የሕግ ጥያቄ በሰውየው መልካምነት ወይም ክፋት የሚመዘን አለመሆኑን ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1866 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሚሊጋን በተባለ ሰው ጉዳይ፥ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ክፍት ሆነው ሳሉ ሲቪል ሰው በጦር ፍርድ ሊዳኝ አይገባም ብሎ ወሰነ።

ፍርሃት ግን ተመልሶ ይመጣል። በ1942 የካቲት 19 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረመው ትእዛዝ መሠረት፥ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው በሽቦ አጥር ወደ ተከበቡ ሰፈሮች ተጋዙ። ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ወደ ሰፈሮቹ የተጋዙትም ተከሰው ስለ ተፈረደባቸው አልነበረም። ከነዚህ አንዷ ሚትሱዬ ኤንዶ የምትባል የካሊፎርኒያ መንግሥት ጸሐፊ ነበረች። ጃፓንን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ወንድሟም በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ያገለግል ነበር። በጠበቃዋ በኩል በምን ነገር እንደ ተያዘች ይመርመርልኝ ስትል አመለከተች። መንግሥትም ነገሩ እንዲቀር ሲል፥ ወደ ጠረፉ አገር ካልተመለሰች ከሰፈሩ ሊለቃት እንደሚችል ነገራት። እርሷ ግን እምቢ ብላ፥ ጉዳዩ ተቋርጦ የሌሎቹም ጥያቄ እንዳይጠፋ በአጥሩ ውስጥ ለመቆየት መረጠች። ከሁለት ዓመት በላይ ከታገሠች በኋላ በ1944 ታኅሣሥ 18 ቀን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለ አንዳች ልዩነት፥ ታማኝነቷ የተረጋገጠላትን ዜጋ ይዞ ለማቆየት የሰፈሩ አስተዳደር ሥልጣን የለውም ሲል ፈረደላት። በዚያው ቀን ያው ፍርድ ቤት ኮሬማትሱ በተባለ ሰው ጉዳይ፥ ሕዝቡን ከጠረፉ ማስወጣቱን በ6 ድምፅ በ3 ላይ አጽድቋል። የአሜሪካ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀውና በሕይወት ላሉት ለያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈል የደነገገው በ1988፥ ከ46 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሰውን ወደ ዳኛ የማቅረብ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እርምጃውን ይገታል፤ ከሳሽና ተከሳሽም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ከሳሹ ራሱ ከተከሳሹ ጋር ስለሚቋጠር፥ ሰውን አስይዞ እቤት መቀመጥ አይቻለውም ነበር። በጽሑፍም ቢሆን፥ በ1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲያዝ፥ ፍርድ ቤቱ በእግር ብቻ የሚደረስበት ሩቅ ቦታ ያለ እንደ ሆነ ጊዜው በዳኛ ፈቃድ እንዲራዘም ደንግጎ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ያላግባብ የታሰረ ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበትን መንገድ ጽፏል።

ሆኖም ሕገ መንግሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ታገደ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት፥ ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። የባለ ሥልጣኖቹን ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሳለ፥ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ችሎት ሳይቆሙ ነገሩ በጥይት አለቀ። በነዚያ ሰዎች ላይ የሚቀርብ ክስ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ጥያቄ ማንም በፍርድ ሊመልሰው አይችልም፤ ለልጆቻቸውም፥ ተበድለናል ለሚሉትም ፍርዱ ቀርቷል። ከ17 ዓመት በኋላ ደርግ ወድቆ ባለ ሥልጣኖቹ በተያዙ ጊዜ፥ የነርሱ ጉዳይ በፍርድ ቤት ታየ፤ ጠበቃም ቆመላቸው። ነገር ግን ከተያዙበት ከ1991 እስከ ችሎቱ መጀመሪያ እስከ 1994 መጨረሻ ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ ክስ ሳይሰማባቸው የቆዩ ነበሩ። በሌላው ላይ ይህን መብት የነፈገ ሰው ራሱ ሲታሰር፥ ጥያቄው ለርሱም ሊጠየቅለት ይገባል፤ ካልሆነ ግን ሕግ ሳይሆን ተራ ብቻ ነው የተለወጠው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና የተያዘበት ምክንያት ተለይቶ እንዲገለጥለት ያዝዛል። ጽሑፉ አለ። ጽሑፉ ሥራ የሚሠራው ግን ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ሰዎች በየወረዳውና በየጣቢያው ሲገኙ ነው። ከእናንተ መካከል ዳኛ ያለ እንደ ሆነ፥ አሳሪውን መጠየቅ ሥራው እንጂ ድፍረት አይደለም። በር ጠባቂ ወይም የፖሊስ ሹም ያለ እንደ ሆነ፥ የዳኛን ትእዛዝ መቀበል ከሥልጣኑ አያጎድልበትም። ሌላው አንባቢ ደግሞ ዘመዱ፥ ጎረቤቱ፥ የማይወደውም ሰው ቢሆን ተይዞ ሲወሰድ፥ «በደለኛ ባይሆን መቼ ይታሰር ነበር» ብሎ ዝም ከማለት ይልቅ፥ «በምን ነገር ተያዘ? መቼስ ዳኛ ፊት ይቀርባል?» ብሎ ይጠይቅ። የሶመርሴት ክርስትና አባትና እናቶች ያደረጉት ይህንኑ ነበር።