ዲፍራግሜንቴሽን፦ በሃርድ ዲስክ ላይ የተበታተኑ ፋይሎችን መልሶ ማደራጀት

ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ኮምፒውተር ፋይል ለመክፈት ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያሉ ፋይሎች መበታተን ነው። የተበታተኑትን የፋይል ክፍሎች ሰብስቦ በተከታታይ የማስቀመጥ ሥራ ዲፍራግሜንቴሽን ይባላል።

ፋይሎች የሚበታተኑበት ምክንያት

ፋይሎች ሲሰረዙ በዲስኩ ላይ እዚህም እዚያም ክፍት ቦታዎች ይፈጠራሉ። አዲስ የሚመዘገብ ፋይል የሚበቃው ተከታታይ ቦታ ሲያጣ ተቆራርጦ በየክፍተቱ ይቀመጣል። ዲስኩ እየሞላ በሄደ ቁጥር መበታተኑ ይባባሳል።

በፍጥነት ላይ የሚያስከትለው ጫና

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለማጠናቀቅ 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። የዲስኩ ማንበቢያ ወደ እያንዳንዱ ቁራጭ መንቀሳቀስና ቁራጩ በሥሩ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት። ይህ ለአንድ ቁራጭ 10 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ በ100 ቦታ የተበታተነ ፋይል ለፍለጋ ብቻ 1 ሰከንድ ይወስዳል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. አስፈላጊ ሰነዶችን በሌላ ማከማቻ ላይ መገልበጥ፤
2. የማያስፈልጉ ፋይሎችን አስወግዶ በቂ ክፍት ቦታ ማዘጋጀት፤
3. ላፕቶፕ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ጋር ማገናኘት፤
4. በዊንዶውስ 10 መፈለጊያ ላይ «ዲፍራግ» ብሎ በመጻፍ መሣሪያውን መክፈት፤
5. ዲስኩን መርጦ «አናላይዝ» በሚለው የመበታተኑን መጠን መመርመር፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ «ኦፕቲማይዝ» የሚለውን መጫን።

ሥራው እንደ ዲስኩ መጠንና ሁኔታ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ኮምፒውተሩ አገልግሎት በማይሰጥበት ጊዜ ቢከናወን ይመረጣል። ዊንዶውስ 10 ይህንኑ ሥራ በየሳምንቱ በራሱ እንዲያከናውን ተደርጎ የተዘጋጀ በመሆኑ ተጠቃሚው በተደጋጋሚ እንዲሠራው አይገደድም።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው የፋይሎች መበታተን እምብዛም አያዘገየውም። በሌላ በኩል የሚችለው የጽሑፍ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ በተደጋጋሚ ዲፍራግሜንት ማድረግ ዕድሜውን ያሳጥራል። ዊንዶውስ 10 የማከማቻውን ዓይነት ለይቶ ለኤስኤስዲ ትሪም የተባለውን ሌላ አሠራር ይጠቀማል።

የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ወይም የማንበብ ስሕተት የሚያሳይ ሃርድ ዲስክ ለብልሽት የተቃረበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ዲፍራግሜንት ማድረግ ጫናውን አብዝቶ መረጃው ፈጽሞ እንዲጠፋ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ማከማቻ ማውጣት፣ ቀጥሎም ዲስኩን መለወጥ ተገቢ ነው።