ዜና ጂም ሚልስ፣ ባንጆ ደርዳሪና የጥንት መሣሪያ መርማሪ
በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ዲሴምበር፣ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና፣ በራሌይ ከተማ፣ ጂም ሚልስ ተወለደ። አባቱም አያቱም ባንጆ ደርዳሪዎች ነበሩና ሙያውን ከባዕድ አልተማረም። ባንጆ ማለት እንደ ከበሮ በክብ አካል ላይ ቆዳ፣ በኋላም ፕላስቲክ፣ የሚወጠርበት ባለ አውታር መሣሪያ ነው፤ ጥንተ ነገሩም በባርነት ተግዘው አትላንቲክን ከተሻገሩት ከምዕራብ አፍሪቃ ሰዎች ነው፤ ይህንንም የሚዘነጋ፣ ብሉግራስ የተባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ወዳጅ ጥቂት አይደለም።

ከሚልስ ልደት አስቀድሞ፣ በ1945 መጨረሻ፣ የዚያው የሰሜን ካሮላይና ልጅ ኧርል ስክራግስ ወደ ብሉግራስ ሙዚቀኛው ቢል መንሮ የሙዚቃ ጓድ ገብቶ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት እያፈራረቀ በመምታት ባንጆን ከአጃቢነት ወደ መሪነት አወጣው። ሚልስ የዚህ ስልት ደቀ መዝሙር ሆነ። በ1988 ከብሉግራስ ሙዚቀኛው ከዶይል ላውሰን፣ በ1997 ደግሞ ከሌላው ሙዚቀኛ ከሪኪ ስካግስ ጓድ ጋር ተሰለፈ፤ ዓለም አቀፉ የብሉግራስ ማኅበርም ስድስት ጊዜ የዓመቱ ባንጆ ደርዳሪ ብሎ ሰየመው።

ለእኔ ግን ከማዕረጉ ይልቅ ሌላው ሥራው፣ የጥንት ባንጆዎች ምርመራው፣ ይበልጣል። በሚሺጋን፣ በካላማዙ ከተማ፣ የጊብሰን ፋብሪካ በ1930ዎቹ የሠራው፣ ማስተርቶን የተባለው ባንጆ፣ ከቆዳው ሥር ከነሐስ ቀልጦ የወጣ ከባድ ቀለበት ስላለው ድምፁ ጽሩይና ርቆ የሚሰማ ነው። ዳሩ ግን የጃዝ ተጫዋቾች የሚሹት ባለ አራት አውታሩን ስለ ነበረና የዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ውድቀትም ገበያውን ስላቀዘቀዘው፣ ባለ አምስት አውታሩ እጅግ ጥቂት ተሠራ። ከስክራግስ በኋላ ሁሉም ሲፈልገው፣ ብልሃተኞች የባለ አራቱን አንገት እየነቀሉ አዲስ ተከሉበት። ስለዚህ ጥንተ ተፈጥሮውን የጠበቀውን ከተለወጠው መለየት የመነኮሳትን ያህል ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ሆነ፤ መርማሪው የኋላውን ክዳን ፈትቶ፣ በእንጨቱ ውስጠኛ ገጽ ፋብሪካው የተወውን የሥራ ቁጥር ያነባል፤ ቀለበቱ በእንጨቱ ላይ በልክ ተቀምጦ እንደ ሆነ ይዳስሳል፤ አንገቱም የዚያው አካል ወገን መሆኑን ያጣራል። ሚልስ ይህን ዕውቀት በ2009 ከነሥዕሉ በመጽሐፍ አሳተመው፤ መሣሪያዎቹንም እየሰበሰበ ይሸጥ ነበር። ነጋዴ ብዙ ነው፤ የሚሸጠውን በእጁ አናግሮ የሚያሳይ ነጋዴ ግን ብርቅ ነው።

ሚልስ በሜይ 3 ቀን 2024 በ57 ዓመቱ ዐረፈ።