ቤት ሲቀይሩ ሜዲኬይድዎ እንዳይቋረጥ

ሜዲኬይድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው። ወጪውን የፌደራል መንግሥትና ግዛቶች በጋራ ይከፍላሉ፤ ሥራውን የሚያካሂደው ግን እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ነው። በዚህ ምክንያት ሜዲኬይድ ከግዛት ወደ ግዛት አብሮ አይሄድም።

ይህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ትልቅ ነገር ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ቢዛወሩ ሥራዎ፣ ቤተ ክርስቲያንዎ ወይም መስጊድዎ፣ ሐኪምዎም ላይቀየሩ ይችላሉ። ለሜዲኬይድ ግን ከሜሪላንድ ወጥተው ቨርጂኒያ ገብተዋል፤ የሜሪላንዱ ካርድ ከእንግዲህ የእርስዎ አይደለም። ዲሲም ግዛት ባትሆንም የራሷ ሜዲኬይድ አላት። ስለዚህ ከመዛወርዎ በፊት የሚጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ «የግዛት ድንበር እሻገራለሁ ወይ?» የሚል ይሁን።

በዚያው ግዛት ውስጥ ከተዛወሩ

ለምሳሌ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ባልቲሞር ከሄዱ ሜዲኬይድዎ ይቀጥላል። አዲስ ማመልከቻ አያስፈልግም፤ አዲሱን አድራሻ ግን ማሳወቅ አለብዎት፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ። በሜሪላንድ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ በቨርጂኒያ በኮመንሄልፕ ወይም በከቨር ቨርጂኒያ፣ በዲሲ በዲስትሪክት ዳይሬክት በኩል ማሳወቅ ይቻላል። ለፖስታ ቤት አድራሻ ማስቀየር ለሜዲኬይድ ማሳወቅ አይደለም፤ ሁለቱንም ያድርጉ።

አድራሻው የሚያሳስበው በእድሳቱ ምክንያት ነው። ሜዲኬይድ በየጊዜው፣ ለብዙ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ይታደሳል። ቅጽ ከተላከልዎት ሞልተው ለመመለስ ቢያንስ 30 ቀን ይሰጥዎታል። ደብዳቤው በድሮው ቤት ከቀረ ግን ገቢዎ ሳይለወጥ፣ ኢንሹራንሱም እየተገባዎት ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ሰው መዘጋቱን የሚያውቀው መድኃኒት ቤት ሄዶ «ኢንሹራንስዎ አይሠራም» ሲባል ነው።

ወደ ሌላ ግዛት ከተዛወሩ

1. ወረቀቶችዎን አስቀድመው ያሰባስቡ። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ደረሰኝና የአዲሱ ቤት ማስረጃ ያስፈልግዎታል። የቤት ማስረጃ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ሊሆን ይችላል። ዘመድ ቤት ወይም ቤዝመንት ተጠግተው ከሆነ በስምዎ ውል ባይኖርም «እዚህ ይኖራል» የሚል የባለቤቱን ደብዳቤ ይዘው ይጠይቁ።

2. ለድሮው ግዛት የሚወጡበትን ቀን ይንገሩ። ሜዲኬይድዎ የሚዘጋበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ወደ አዲሱ አድራሻ እንዲላክ ያድርጉ። አዲሱ ግዛት ይህን ሊጠይቅዎት ይችላል።

3. በገቡበት ሳምንት ለአዲሱ ግዛት ያመልክቱ። ገና ሳይዛወሩ ማመልከት አይችሉም፤ ከተዛወሩ በኋላ ግን የሚያስጠብቅ ነገር የለም። «መጀመሪያ ስድስት ወር መኖር አለብህ» የሚባለው ትክክል አይደለም። ለመኖር አስበው ከገቡበት ቀን ጀምሮ ነዋሪ ነዎት፤ ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰውም ማመልከት ይችላል።

4. መልሱን ይከታተሉ። ግዛቱ በ45 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያመለክቱ ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ። ተጨማሪ ማስረጃ ከጠየቁዎት በተጻፈው ቀን ያድርሱ።

5. ቢሎችን አይጣሉ። ሜዲኬይድ በአጠቃላይ ካመለከቱበት ወር በፊት ያሉትን እስከ 3 ወራት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሸፍን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው በእነዚያ ወራት የአዲሱ ግዛት ነዋሪ ከነበሩና መመዘኛውን ካሟሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ይህ ጊዜ ያጥራል፦ በሜዲኬይድ መስፋፋት ለገቡ ጎልማሶች ወደ 1 ወር፣ ለሌሎች ወደ 2 ወር።

አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት። ስልክ ሲደውሉ «አማሪክ» ካሉ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል። ልጅዎን አስተርጓሚ ለማድረግ አይገደዱ።

«የድሮው ካርድ እስኪያልቅ ልጠቀም?»

አይጠቀሙ። በሁለት ግዛት ሜዲኬይድ መያዝ አይፈቀድም፤ ግዛቶችም መዝገባቸውን ያስተያያሉ። ከዚያም በላይ የድሮው ካርድ ከግዛቱ ውጭ በአብዛኛው የሚሠራው ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ስለሆነ ለመደበኛ ቀጠሮና ለመድኃኒት አይጠቅምዎትም።

«ዘመድ ቤት ገባሁ፤ የእሱ ገቢ ይቆጠርብኛል?»

ለብዙ አመልካቾች የሚቆጠረው የትዳር ጓደኛና በታክስ ላይ አብሮ የሚሞላው ቤተሰብ ነው። አብረው ስለኖሩ ብቻ የአክስትዎ ልጅ ደሞዝ የእርስዎ ገቢ አይሆንም። በማመልከቻው ላይ ማን ከማን ጋር ታክስ እንደሚሞላ በትክክል ይጻፉ።

መድኃኒትዎና ቀጠሮዎ

በሁለቱ ካርዶች መካከል ክፍተት ሊኖር እንደሚችል አስበው ይዘጋጁ። ከመዛወርዎ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

• የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም ወይም የሌላ የዘወትር መድኃኒት ካለዎት ቶሎ እንዲሞላልዎት ይጠይቁ። የመድኃኒቶችዎን ስምና መጠን የያዘ ዝርዝር በእጅዎ ይኑር።

• ኢንሱሊን እንዲበቃዎት ብለው መጠኑን አይቀንሱ። የሚጥል ሕመም መድኃኒት በድንገት ማቆም ከባድ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። መድኃኒቱ ሊያልቅ ከሆነ ሳያልቅ ይደውሉ።

• የኩላሊት እጥበት ላይ ከሆኑ አዲስ የእጥበት ማዕከል ሳያገኙ አይዛወሩ። አብዛኛው ታካሚ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ አንድ ቀን መዝለልም አደገኛ ነው። አሁን ያሉበት ማዕከል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ዝውውሩን ያመቻችልዎታል።

• የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ለሚከታተልዎት የካውንቲ ጤና ቢሮ ይንገሩ፤ ፋይልዎን ወደ አዲሱ ቦታ ጤና ቢሮ ያስተላልፋሉ።

• ነፍሰ ጡር ከሆኑ የክትትል ካርድዎን፣ የደም ምርመራና የአልትራሳውንድ ውጤትዎን ይዘው ይሂዱ። ሲያመለክቱ እርግዝናዎን ይንገሩ፤ ለነፍሰ ጡር የገቢው ጣሪያ ከፍ ያለ ነው።

• የልጆችን የክትባት ካርድ አይርሱ፤ ትምህርት ቤትም ይጠይቃል።

ወደ ሩቅ ግዛት ከመሄድዎ በፊት

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ልጅ ለሌላቸው ጎልማሶችም ሜዲኬይድ ይሰጣሉ። ቴክሳስ ይህን አልተቀበለችም። ጆርጂያም ሙሉውን አልተቀበለችም፤ የምትሰጠው ሥራን ከመሰለ ግዴታ ጋር የታሰረ ጠባብ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ኪራይ ርካሽ ነው ብለው ወደ ዳላስ ወይም አትላንታ የሚሄዱ ጤነኛ ጎልማሳ፣ በሜሪላንድ የነበረዎትን ኢንሹራንስ እዚያ ላያገኙ ይችላሉ። ገቢዎ ከፌደራሉ የድህነት መስመር በታች ከሆነ ደግሞ በገበያው ኢንሹራንስ ላይ የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ በአብዛኛው አይደርስዎትም። የኪራዩን ልዩነት ሲያሰሉ የመድኃኒትዎንና የሐኪምዎን ወጪም አብረው ያስሉ። የልጆች መመዘኛ የተለየ ስለሆነ ለልጆችዎ በማንኛውም ግዛት ያመልክቱ።

ገቢዎ ከሜዲኬይድ ጣሪያ በላይ ከሆነ ኢንሹራንስዎ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 60 ቀን ከመደበኛው ጊዜ ውጭ ኢንሹራንስ ለመግዛት ይፈቀድልዎታል። ይህን ቀን ካሳለፉ እስከ ዓመቱ መመዝገቢያ ድረስ ሊጠብቁ ይችላሉ።

የኢሚግሬሽን ወረቀት

አዲስ ማመልከቻ ማለት ወረቀትዎ እንደገና ይታያል ማለት ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጡ ግሪን ካርድ ያላቸው ጎልማሶች በአብዛኛው 5 ዓመት ይጠብቃሉ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ይህን አይጠብቁም፤ ሁሉም ግዛት ግን እንዲህ አይደለም። ጥገኝነት ወይም የስደተኛ መብት አግኝተው ገና ግሪን ካርድ ያልያዙ ጎልማሶችን የሚመለከተው የፌደራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይጠብባል። እርስዎን የሚነካ ከሆነ ከመዛወርዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃዎን ያማክሩ።

ወላጆችዎ ሜዲኬር ካላቸው

ሜዲኬር የፌደራል ስለሆነ መደበኛው ሜዲኬር በሁሉም ግዛት ይሠራል፤ አዲሱን አድራሻ ለሶሻል ሴኩሪቲ ማሳወቅ ይበቃል። ነገር ግን የሜዲኬር አድቫንቴጅና የመድኃኒት ፕላኖች ለተወሰነ አካባቢ ብቻ ናቸው። ከፕላኑ አካባቢ ከወጡ ሌላ ለመምረጥ ከተዛወሩ በኋላ 2 ሙሉ ወር አላቸው፤ ለፕላኑ አስቀድመው ከነገሩት መምረጫው ከመዛወሩ አንድ ወር በፊት ይጀምራል። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ አብረው የያዙ ወላጆች የሜዲኬይዱን በአዲሱ ግዛት እንደገና ማመልከት አለባቸው።

አስቀድሞ ከተዘጋብዎ

የተዘጋው የእድሳት ቅጽ ስላልመለሱ ከሆነና እዚያው ግዛት ካሉ በአብዛኛው በ90 ቀን ውስጥ ቅጹን ቢመልሱ ያለ አዲስ ማመልከቻ እንደገና ያዩልዎታል። ውሳኔው ስህተት ነው ብለው ካመኑ በደብዳቤው ላይ ባለው ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ።

እስከዚያው ያለ ሕክምና አይቀመጡ። በፌደራል ድጋፍ የሚሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው እንደ ገቢው እያስከፈሉ ያክማሉ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የማያቆም የሚጥል ሕመም ካለ ወዲያው 911 ይደውሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ድንገተኛ ክፍሎች ኢንሹራንስ ባይኖርዎትም መርምረው ሕይወትዎን ከአደጋ እስኪያወጡ ማከም አለባቸው። ቢሉ ሲመጣ የሆስፒታሉን የገንዘብ ድጋፍ ይጠይቁ፤ ለሜዲኬይድ ያመለከቱበትንም ቀን ይንገሯቸው።