የእረኛው ኑሮ በሠዓሊው ዓይን

የእረኛን ኑሮ ከሩቅ ሆነን ስናስብ ዋሽንቱና ለምለሙ መስክ ይታዩናል፤ ብርዱ፥ ረኃቡና ብቸኝነቱ ግን ይሰወሩብናል። የሥዕል ታሪክም ይህንኑ ስሕተት ለረጅም ዘመን ሲከተል ኖሯል። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ሠዓሊ የነበረው ፍራንሷ ቡሼ እረኞቹን ሐር አልብሶ ይሥል ነበር። ሥዕሎቹ ዓይንን ደስ ያሰኛሉ፤ ነገር ግን ከእነዚያ እረኞች አንዱ እንኳ ፀሐይ ያጠቈረው ወይም ዝናም የመታው አይመስልም።

ይህን ልማድ ከለወጡት መካከል ስሙ ጐልቶ የሚነሣው ዣን ፍራንሷ ሚሌ ነው። ሚሌ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1814 ዓ.ም. በኖርማንዲ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በወጣትነቱም በእርሻ ሥራ አባቱን ረዳ። በ1849 ፓሪስን ትቶ ወደ ባርቢዞን መንደር ገባ፤ በ1875 ያረፈውም በዚያው ነው።

በ1863 በፓሪስ ዐቢይ የሥዕል ትርኢት ላይ በድካም ጐብጦ ዶማውን የተደገፈ ገበሬ ባሳየ ጊዜ ብዙዎች ሥዕሉን አስቀያሚ ነው ብለው ነቀፉት። በማግሥቱ ዓመት «በጎቿን የምትጠብቅ እረኛ» የተባለውን ሥዕሉን ሲያቀርብ ግን ምስጋናና ሜዳልያ አገኘ። ታዲያ ሚሌ ምስጋና ለማግኘት ሲል እውነቱን ሸሸገን?

ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ቤተ መዘክር የሚገኘውን ይህን ሥዕል አስተውለን ብንመለከት እንዳልሸሸገ እንረዳለን። ልጅቱ ካባዋን ደርባ፥ አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ እጆቿ ግን አላረፉም፤ ሹራብ ትሠራለች። በጎቹ ከኋላዋ ተጠጋግተው ይግጣሉ፤ ውሻው ነቅቶ ይጠብቃል። ሜዳው እስከ አድማስ የተዘረጋ ነው፤ መጠለያ የሚሆን ዛፍ በአጠገቧ የለም። የምሽቱ ፀሐይ ከደመናው በስተጀርባ ታበራለች። ጸጥታው ልባችንን የሚነካው ሠዓሊው ድካሙን ስለ ደበቀ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መቆሟን ይኸው የምሽት ብርሃን ራሱ ስለሚነግረን ነው።

በባልቲሞር በዎልተርስ ቤተ መዘክር ያለው የበጎች በረት ሥዕሉም ይህንኑ ያስረዳል። እረኛው በጨረቃ ብርሃን መንጋውን ወደ በረቱ ያስገባል። ሌሊቱ ውብ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ብትጠልቅም የእረኛው ሥራ ገና አላለቀም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለሠዓልያን ብቻ የሚሆን አይመስለንም። የገጠሩን ሰው በጌጥ ብቻ የሚያሳይ ድካሙን ያስረሳል፤ በመከራው ብቻ የሚያሳይ ደግሞ ክብሩን ይነሣዋል። ስለ ገበሬና ስለ እረኛ የምንጽፍ፥ የምናስተምርና የምንወስን ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይገባናል፤ ለዚህም እንደ ሚሌ ቀርቦና ታግሦ መመልከት ያስፈልጋል።