ሳይቃጠል በቅጠል

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉን ከባዶ አይጀምሩም፤ «ላይብረሪ» ከሚሉት፣ ሌሎች ጽፈው ካስቀመጡት ሥራ ይዋሳሉ። ከነዚህ ውሰቶች አንዱ «ሃሽ ቴብል» ነው፤ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጠሩት። ለእያንዳንዱ ስም በስሌት ሣጥን ይደርሰዋል፤ ሲፈለግም ቶሎ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ታዲያ በቴክሳስ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ስኮት ክሮስቢና ዳን ዋላክ አንድ ጉድ አሳዩ። ስሌቱን የሚያውቅ ተንኮለኛ አንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ የሚወድቁ ስሞችን መርጦ ቢልክስ? ሰርቨሩ እያንዳንዱን ስም ከቀደሙት ሁሉ ጋር ማስተያየት ሊኖርበት ነው፤ 10,000 ስም 50 ሚሊዮን ያህል ማስተያየት ይጠይቃል። ማሽኑ በዚህ ሲባክን ሌላው ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል። መድኃኒቱንም ነገሩን፦ ስሌቱ ውስጥ ማንም የማይገምተው የምስጢር ቁጥር ጨምሩበት።

የፐርል ቋንቋ አዘጋጆች በዚያው ዓመት ሰሙ። ብዙዎቹ ግን ዝም አሉ። በ2011 ዲሴምበር በርሊን ላይ አሌክሳንደር ክሊንክና ዩሊያን ቬልደ ፒኤችፒ፣ ጃቫና ፓይተን ያው ቀዳዳ እንዳለባቸው አሳዩ። ያኔማ ሩጫ ሆነ! ማይክሮሶፍት ለራሱ ምርት ወሩ ሳያልቅ ማስተካከያ አወጣ፤ ፒኤችፒም አንድ ጥያቄ ይዞት የሚመጣውን የመረጃ ብዛት በ1,000 ገደበ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ማስጠንቀቂያው ተደብቆ አልነበረም፤ ታትሞ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። የጎደለው አንባቢ ሳይሆን «ይሄ የኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው ነበር። ዕቃ የሚዋስ ሰው ቀዳዳውንም አብሮ ይዋሳል፤ አበዳሪው እስኪደፍነው መጠበቅ ደግሞ ጥበቃ አይባልም። ቅጠሉማ በእጃችን ነበር።